የሸሪዓ ፍርድ ቤት አገልግሎት በአዳማ፦ ለማን ይበጃል፣ የት ላይ ያዳልጣል

አዳማ ውስጥ የትዳር፣ የፍቺ ወይም የውርስ ክርክር ያለበት ሙስሊም ከፊቱ ሁለት በር አለ፤ መደበኛው ፍርድ ቤትና የሸሪዓው። ሁለቱም በሕግ የቆሙ ናቸው፤ የሁለቱም ውሳኔ ውሳኔ ነው። የሚለያዩት በሚፈርዱበት ሕግ ነው፤ ልዩነቱ በብር ሲመነዘር ደግሞ ለአንዱ ወራሽ የቤት ዋጋ ያህል ሊሆን ይችላል። እዚህ የምንመዝነው የሸሪዓውን በር ነው። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ አገልግሎቱ አስቀድሞ ለተስማማ ቤተሰብ ቀለል ያለ፣ ክብር ያለውና ከእምነቱ ጋር የሚሄድ ነው። በምን እንደተስማማ ሳያውቅ ለገባ ሰው ግን መውጫው ከባድ ነው። ጉዳዩ የሚዞርበት ምሰሶ በመጀመሪያው ቀጠሮ የሚቀርበው አንድ ጥያቄ ነው፦ በዚህ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ትስማማላችሁ ወይስ አትስማሙም?

የሕግ መሠረቱን ባጭሩ እንለፈው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክር ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ይናገራል። አንቀጽ 78(5) ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤቶች ለሃይማኖትና ለባህል ፍርድ ቤቶች ዕውቅና እንዲሰጡ በር ይከፍታል። የፌዴራሉ የሸሪዓ ፍርድ ቤት በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተደራጅቷል። አዳማ የኦሮሚያ ከተማ በመሆኗ የሚገዛት የክልሉ አዋጅ ነው፤ ጉዳዩ ግን እንደ ፌዴራሉ ከታች ወደ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ ወደ ጠቅላይ ይወጣል። ነገሩ አዲስ አይደለም። የናኢባና የቃዲ (የሸሪዓ ዳኞች) ምክር ቤቶች አዋጅ ቁጥር 62 የወጣው በ1936 ዓ.ም. ነው፤ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቦታ ባይሰጣቸውም ቃዲዎቹ ሥራቸውን አላቋረጡም።

የሚታይባቸው ጉዳዮች የታወቁ ናቸው፦ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የልጆች ሞግዚትነት፣ ውርስ፣ ኑዛዜ፣ ስጦታ (ሂባ) እና ወቅፍ (ለሃይማኖት ወይም ለበጎ አድራጎት የተለየ ንብረት)። የሱቅ ኪራይ፣ የዕቁብ ክርክር፣ የሽርክና ንግድ፣ የብድር ገንዘብ እዚህ አይዳኝም፤ ሁለቱም ወገን ሙስሊም ቢሆኑም እንኳ። እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዞ የመጣ ሰው የሚያተርፈው መመላለስ ብቻ ነው።

የወንጀል ጉዳይም እዚህ የለም። «ሸሪዓ» የሚለው ቃል ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስበው ቅጣትን ነው፤ የአዳማው ችሎት ግን ማንንም አያስርም፣ አይገርፍም። ቅጣት ሁሉ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ በፖሊስና በዐቃቤ ሕግ በኩል ነው የሚሄደው። ይህ ልዩነት ለተገልጋይ ትልቅ ትርጉም አለው። ባሏ የደበደባት ሴት ለቃዲው ፍቺ ብታመለክት ፍቺውን ታገኝ ይሆናል፤ ድብደባው ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 ሥር የሚወድቅ የተለየ ጉዳይ ነው፤ ለፖሊስ ካልቀረበ ማንም አያነሳላትም። የሕክምና ማስረጃ በጊዜ ካልተያዘ ደግሞ ቁስሉ ድኖ ማስረጃው ይጠፋል። ሽማግሌ ፊት መታረቅም የወንጀል መዝገብን በራሱ አይዘጋም። ዕድሜዋ ከ18 በታች የሆነች ልጅ ኒካህ (የሸሪዓ የጋብቻ ውል) ቢታሰርላትም በአንቀጽ 648 ያስቀጣል፤ ልጅቷ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት። ከአንድ በላይ ማግባት በአንቀጽ 650 የተከለከለ ሲሆን አንቀጽ 651 በሕግ ዕውቅና ያገኘ የሃይማኖት ወይም የባህል ልማድን ተከትሎ የተፈጸመውን ለይቶ ያወጣል። ብዙ ሰው አንቀጽ 651ን ስለሚያውቅ ሁለተኛ ሚስት ማግባት በንብረት ላይ ምንም የማያስከትል ይመስለዋል፤ የወንጀል ነጻነት የንብረት ክርክርን አያስቀርም።

ማክስ ቬበር፣ ጀርመናዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ፣ «የቃዲ ፍትሕ» ያለው ዳኛው ከተጻፈ ደንብ ይልቅ የያዘውን ጉዳይ እያየ የሚወስንበትን አሠራር ነው። ፍትሕንና እስልምናን የሚያጠና ሶሲዮሎጂስት ሁሉ አንድ ቀን ከዚህ ስያሜ ጋር ይገጥማል፤ ወይ ይቀበለዋል ወይ ይሞግተዋል። እዚህ አገር ግን ስያሜው አይያያዝም። የኢትዮጵያ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ለይዘቱ ሸሪዓን፣ ለአካሄዱ በ1958 የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይዞ ነው የሚሠራው፦ የክስ ማመልከቻ፣ መጥሪያ፣ መልስ፣ የምስክር ዝርዝር፣ ቀጠሮ፣ መዝገብ ቁጥር። ሰው «ቃዲው ዘንድ ሄጄ ቁጭ ብዬ አወራዋለሁ» ብሎ መጥቶ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ወሬ ሳይሆን ወረቀት ይጠየቃል።

ወረቀቱ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ እሱ ስለሆነ ማመልከቻው፣ መልሱና ውሳኔው በዚያው ይጻፋሉ፤ ችሎት ላይ አማርኛ ብቻ የሚናገር ሰው በአስተርጓሚ ይሰማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ፍርድ ቤት አካባቢ ፎቶ ኮፒና ኮምፒውተር ይዘው የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ ጽሑፋቸው ንጹሕ ነው፣ ችግሩ የሕግ ባለሙያ አለመሆናቸው ነው። ከቀድሞ ፋይል ቀድተው ስም ብቻ የሚቀይሩ አይጠፉም። ያልጠየቁት ነገር በ«ዳኝነት» ክፍል ውስጥ ገብቶ፣ የጠየቁት ቀርቶ ይገኛል። የተጻፈውን ከመፈረም በፊት ቋንቋውን በሚያውቅ ዘመድ ቃል በቃል ማስነበብ ግድ ነው፤ በተለይ የመጨረሻውን ገጽ፣ ከፍርድ ቤቱ ምን እንደሚፈለግ የሚዘረዝረውን። ዳኛ ያልተጠየቀውን አይሰጥም።

ሁለተኛው የሚያሰናክል ነገር የስም አጻጻፍ ነው። አንዱ መታወቂያው ላይ «መሐመድ»፣ ኒካህ ወረቀቱ ላይ «ሙሐመድ»፣ ካርታው ላይ «መሀመድ» ሆኖ ይገኛል፤ በቁቤ ሲጻፍ ደግሞ አራተኛ መልክ ይይዛል። አንዳንዱ በቤት ስሙ «አብዱ» ተብሎ የባንክ ደብተር ያወጣ፣ በሕጋዊ ስሙ ሌላ ነው። ለዳኛው ይህ ሁለት ሰው ነው። መፍትሔው ፋይል ከመክፈት በፊት ከቀበሌ «ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው» የሚል ደብዳቤ ማውጣት፣ ወይም በማመልከቻው መጀመሪያ ላይ ሁለቱንም ስም ጠቅሶ በምስክር ማረጋገጥ ነው። ይህን ያላደረገ ሰው ውሳኔ ካገኘ በኋላ ባንክ በር ላይ ይመለሳል፤ ያኔ ማስተካከል አዲስ አቤቱታ ነው።

ለወራሽነት የሚያስፈልገው፦ የሞት የምስክር ወረቀት፣ የአመልካች መታወቂያ፣ የኒካህ ወረቀት ወይም የጋብቻ ምዝገባ፣ የልጆች የልደት ማስረጃ፣ የቀበሌ የቤተሰብ ማረጋገጫ፣ ሟቹንና ቤተሰቡን በቅርብ የሚያውቁ ምስክሮች። ንብረት የሚከፋፈል ከሆነ ካርታ፣ ሊብሬ፣ የባንክ መግለጫ፣ የዕዳ ሰነድ ይጨመራል። ከኦሪጅናሉ ጋር ቢያንስ ሦስት ኮፒ መያዝ ይሻላል፤ አንድ ለፋይሉ፣ አንድ ለተጠሪ፣ አንድ ለራስ። ተጠሪዎች በበዙ ቁጥር ኮፒውም ይበዛል። የዳኝነት ክፍያው እንደ ጉዳዩ ዓይነትና እንደ ንብረቱ ግምት ስለሚለያይ ሬጅስትራሩን ቀድሞ መጠየቅ ነው። መክፈል የማይችል ሰው ያንን የሚያስረዳ ማስረጃ ይዞ በነጻ እንዲከራከር ማመልከት ይችላል፤ ይህን የሚያውቀው ጥቂት ነው፣ የሚነግርም ጥቂት ነው።

መጥሪያ ማድረስ በአዳማ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የቤት ቁጥር ብቻ ይዞ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ በአድራሻው ላይ ቀበሌውን፣ የታወቀ ምልክት (መስጊድ፣ ትምህርት ቤት፣ ወፍጮ ቤት) እና ስልክ መጻፍ ያስፈልጋል። መጥሪያው ለጎረቤት ወይም ለሕፃን ከተሰጠ በኋላ «አልደረሰኝም» የሚል ክርክር ይነሳል፤ አንድ ቀጠሮ እንዲሁ ይበላል።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ተጠሪው ቀርቦ «አልስማማም» ካለ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ማየት አይችልም፤ በፌዴራሉ አዋጅ መዝገቡ ወደሚመለከተው መደበኛ ፍርድ ቤት ይላካል። «እስማማለሁ» ካለ ደግሞ ያው አዋጅ ወደ ኋላ መመለስን ይዘጋል፤ ምስክር ተሰምቶ ነገሩ ሲጠም «መደበኛ ፍርድ ቤት ውሰዱልኝ» ማለት የለም። ከሁለቱ የባሰው ዝም ማለት ነው። በአዋጅ 188 መሠረት መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደተስማማ ተቆጥሮ ጉዳዩ በሌለበት ይቀጥላል። «ካልሄድኩ አይዳኙኝም» የሚለው የሠፈር ምክር ብዙ ሰው ንብረቱን ያጣበት ምክር ነው። የማይስማማ ሰው ሄዶ አለመስማማቱን ራሱ ይናገር፤ መዝገቡ ላይ መጻፉንም ያረጋግጥ።

ፈቃድ የይስሙላ ጉዳይ አለመሆኑን የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. አስረግጧል። በአንድ የአዲስ አበባ የቤት ውርስ ክርክር ተጠሪዎቹ በሸሪዓ መዳኘት አንፈልግም ቢሉም የመጀመሪያ ደረጃው የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አየው፤ የበላዮቹም አጸኑት፤ ሰበር ደርሶም አልተነካም። በመጨረሻ በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀርቦ ውሳኔዎቹ ያለ ፈቃድ የተሰጡ ናቸው በሚል ውድቅ ሆኑ። ተጠሪዎቹን ያዳናቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተቃውሟቸውን በጽሑፍ ማስመዝገባቸው ነው።

ፈቃድ ለምን ይህን ያህል እንደሚከብድ በሒሳብ እንየው። አንድ ሰው ሞቶ ሚስት፣ እናት፣ ሁለት ወንድ ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ተረፉ እንበል። ከቀብር ወጪና ከዕዳ በኋላ የቀረው 2,400,000 ብር ነው፤ ኑዛዜ የለም። በሸሪዓ ሚስት ልጅ ስላለ 1/8 ትወስዳለች፦ 300,000። እናት 1/6፦ 400,000። የቀረው 1,700,000 ለልጆች ነው፤ ወንድ የሴት እጥፍ ስለሆነ በአምስት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ወንድ 680,000፣ ሴቷ 340,000።

ይኸው ቤተሰብ በመደበኛው በር ቢገባና ሀብቱ በሙሉ በትዳር ጊዜ የተፈራ ቢሆን፣ ሚስት ከውርስ በፊት በቤተሰብ ሕጉ የጋራ ሀብት ግማሽ ድርሻዋን ታነሳለች፦ 1,200,000። ቀሪው 1,200,000 ለሦስቱ ልጆች እኩል ይከፈላል፤ ለእያንዳንዳቸው 400,000። ልጆች ስላሉ እናት አትወርስም። በአንዱ በር ሚስት 300,000፣ በሌላው 1,200,000። በአንዱ የሟቹ እናት 400,000፣ በሌላው ባዶ እጇን። የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ለያንዳንዱ እምነት እንተወው፤ የአገልግሎቱ ግምገማ የሚለው ማንም ሰው ይህን ሒሳብ ሳያይ «እስማማለሁ» ማለት የለበትም ነው።

የሸሪዓው ሒሳብ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። በሸሪዓ የባልና የሚስት ንብረት በመሠረቱ የየራሳቸው ነው፤ ተጋቡ ተብሎ አይቀላቀልም። ስለዚህ ሚስት በራሷ ገንዘብ የገዛችው፣ ከቤተሰቧ ያመጣችው ወርቅ፣ ሱቅ ውስጥ ያስገባችው መነሻ ካፒታል ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ተለይቶ ይወጣላታል፤ ካስረዳች። ያልተከፈለ መህርም (ባል ለሚስቱ በኒካህ ቃል የገባው ስጦታ) የባል ዕዳ ነው፤ ከውርሱ በፊት ይከፈላል። ብዙ መበለቶች ይህን ሁለቱንም አያነሱም። አስቀድሞ በማመልከቻ ወይም በመልስ ላይ ካልተጻፈ በኋላ ማስገባት ከባድ ነው፤ ደረሰኝ፣ የባንክ ዝውውር፣ የኒካህ ወረቀቱ ላይ የተጻፈ የመህር መጠን ያስፈልጋል። ኒካህ ሲታሰር «መህሩ ተከፍሏል» ተብሎ ለይስሙላ የተጻፈ ከሆነ መዘዙ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ድርሻዎቹ ተደምረው ከአንድ ሲያልፉም ግራ የሚጋባ አለ። ሚስት፣ ሁለት ሴት ልጆች፣ አባትና እናት ሲተርፉ 1/8፣ 2/3፣ 1/6 እና 1/6 ይሆናል፤ በ24 ሲሠራ 3፣ 16፣ 4፣ 4፣ ድምሩ 27። ያኔ መሠረቱ ወደ 27 ይወጣና ሁሉም በልኩ ይቀነሳል፤ ዐውል የሚባለው ይህ ነው። 2,700,000 ብር ቢሆን ሚስት 300,000፣ ሴቶቹ እያንዳንዳቸው 800,000፣ አባትና እናት 400,000 እያንዳንዳቸው። «1/8 ነበር የተባልኩት፣ ለምን 1/9 ደረሰኝ» የሚል ቅሬታ ብዙ ጊዜ ስሕተት አይደለም።

ጠንቀቅ የሚያስፈልገው አጎት ሲኖር ነው። ሟቹ አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድም ብቻ ቢተዉ በሸሪዓ ልጅቷ ግማሽ፣ ወንድሙ የቀረውን ግማሽ ይወስዳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ልጅቷ ሁሉንም ትወርሳለች። ልጅቷ ሕፃን ከሆነች በስሟ የሚናገር ሞግዚት ያስፈልጋል፤ ሞግዚት ሆኖ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ያው አጎት ነው። ለራሱም ወራሽ፣ ለእሷም ፈቃድ ሰጪ ሊሆን ነው። እንዲህ ያለ ሁኔታ ሲያጋጥም ጥቅሙ የማይጋጭ ሌላ ሞግዚት እንዲሾም መጠየቅ ይገባል፤ ጠያቂ ከሌለ ማንም ላያየው ይችላል። እናት ካለች ይህን ማንሳት የእሷ ድርሻ ነው።

ኑዛዜ ያለው ሰው ሁለት ገደብ ይጠብቀዋል፦ ከሀብቱ ከሲሶ አያልፍም፣ ለወራሽ ከሆነ ደግሞ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ አይጸናም። አባት «ይህ ቤት ለትልቁ ልጄ» ብሎ የጻፈው ወረቀት በዚህ በር ብዙም አይራመድም። በሕይወት እያለ በስጦታ ሰጥቶ፣ አስረክቦ፣ ስሙን አዛውሮ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

በፍቺ በኩል አገልግሎቱ ከውርሱ የተሻለ ነው ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ሽምግልናው እውነተኛ ሽምግልና ነው። ከባል ወገን አንድ፣ ከሚስት ወገን አንድ ሰው ተመርጦ ቤተሰቡ ጋ ይላካል፤ በተደጋጋሚ ቀጠሮ የሚያጉላላ ቢመስልም ልጆች ላሉበት ቤት ጊዜው አይባክንም። ድብደባ ላለበት ቤት ግን ሽምግልናው አደጋ ነው፤ ይህን ለችሎቱ በግልጽ ማስታወቅ ያስፈልጋል።

ሴት አመልካች ልታስብበት የሚገባው የአቤቱታውን ስም ነው። ኹልዕ ከተባለ መህሯን መልሳ ወይም ትታ ነጻ ትወጣለች። ፈስኽ ከተባለ፣ ባል ቀለብ በመከልከሉ፣ በመጉዳቱ ወይም በመጥፋቱ ዳኛው ትዳሩን ሲያፈርስ፣ አብረው የኖሩ ከሆነ መህሯ ይጸናል። ምክንያቱ አንድ ሆኖ አቤቱታው በስሕተት «ኹልዕ» ተብሎ ከተጻፈ ገንዘቡ ሄደ። የማመልከቻ ጸሐፊ ለዚህ አይጨነቅም፤ ለእሱ ሁለቱም «ፍቺ» ነው።

ባል በቤት ውስጥ ጠላቅ (ፈትቼሻለሁ) ብሎ የወጣ ከሆነ ቀኑና ምስክሩ ዋጋ አላቸው። ዒዳው (ሴቲቱ እንደገና ሳታገባ የምትቆይበት ጊዜ) ከዚያ ይቆጠራል፦ የወር አበባ ለምታይ ሴት ሦስት ዙር (ከእስልምና የሕግ መንገዶች ሻፊዒዎች የንጽሕናውን ጊዜ፣ ሐነፊዎች የአበባውን ጊዜ ይቆጥራሉ)፣ ለማታይ ሦስት ወር፣ ለነፍሰ ጡር እስክትወልድ፣ ባሏ ለሞተባት አራት ወር ከዐሥር ቀን። ሊመለስ በሚችል ጠላቅ ዒዳ ውስጥ ባል ቢሞት ሚስት ትወርሳለች፤ ዒዳው ካለቀ በኋላ ከሆነ አትወርስም። ስለዚህ በሁለት ቀን ልዩነት የሚወሰን ውርስ አለ። ጠላቁ በተባለ ጊዜ ለሁለት ሽማግሌ ማሳወቅ ወይም በጽሑፍ ማድረግ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። የትዳር ሀብት ክፍፍል ላይ ግን ቀደም ሲል ያልነው ይሠራል፤ የጋራ ሀብት ግማሽ የሚለው የቤተሰብ ሕጉ ነው፤ ንብረቱ በባል ስም የተመዘገበ ሚስት ይህን በር ከመምረጧ በፊት ሁለት ጊዜ ታስብ።

ለተመራማሪ ደግሞ ይህ ፍርድ ቤት ሀብት ነው። የሕግ ወይም የሶሲዮሎጂ ተማሪ «እስልምናና ፍትሕ» የሚል ርዕስ ይዞ ወደ ማረሚያ ቤት ለመግባት ወራት ከሚደክም፣ የተዘጉ የቤተሰብ መዝገቦች የበለጠ ያስተምሩታል። ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ፣ ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ማመልከቻ፣ የተጠኚዎችን ስም ላለማውጣት የተጻፈ ግዴታ ይያዝ። ከእያንዳንዱ መዝገብ የሚቀዳው ከሳሹ ወንድ ነው ሴት፣ ጉዳዩ ምንድን ነው፣ ፈቃዱ በቃል ነው በፊርማ፣ ተጠሪ ቀረበ አልቀረበም፣ ስንት ቀጠሮ ወሰደ፣ በዕርቅ አለቀ በፍርድ የሚለው ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ «አልስማማም» ብለው የወጡ ሰዎች መዝገብ አጭር ስለሆነ ተማሪ ይዘለዋል። ጥናቱ የሚበላሸው ያኔ ነው፤ ስለ ፈቃድ የሚናገረው ያ ገጽ ተኩል ነውና። አዳማ ላይ ደግሞ ከመደበኛውና ከሸሪዓው ሌላ በክልሉ አዋጅ ቁጥር 240 ዕውቅና ያገኙት የባህል ፍርድ ቤቶችም ስላሉ አንድ ክርክር በየትኛው በር መጀመሪያ እንዳለፈ መጠየቅ አይዘንጋ።

ውሳኔ ሲነበብ ግልባጩን በዚያው ቀን ማመልከት ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ የይግባኝ ጊዜ 60 ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ፍርዱ ከተሰጠበት ጀምሮ እንጂ ግልባጭ ከደረሰበት አይደለም። ግልባጭ የጠየቁበትንና የተሰጠበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ይቀመጥ፤ ለዘገየ ይግባኝ ማስረጃው እሱ ነው።

ገንዘብ ወይም ቤት የተፈረደለት ሰው ሥራው አላለቀም። ተከራካሪው በፈቃዱ ካልፈጸመ የአፈጻጸም ፋይል ለብቻው ይከፈታል፤ የሚሸጥ ንብረት ካለ ግምት፣ ሐራጅ፣ ልኬታ ይመጣል። ከጠቅላላው ሂደት የሚዘገየው ይህ ነው፤ ቃዲው ላይ የሚወርደው ወቀሳ በአብዛኛው የሚመነጨውም ከዚህ ነው። ንብረቱ ግማሹ አዳማ፣ ግማሹ አዲስ አበባ የሆነ ቤተሰብ፣ በነጋዴ ቤተሰብ የተለመደ ነው፣ የሟቹ ዋና መኖሪያ የት እንደነበር ከመጀመሪያው በማስረጃ ያጥራ፤ ውርስ የሚከፈተው እዚያ ነው። በአፋን ኦሮሞ የተጻፈውን ውሳኔ ለአዲስ አበባ ባንክ ለማቅረብ ሕጋዊ ትርጉም ሊጠየቅ ይችላል፤ አንዳንዱ ባንክም ውሳኔው ትክክለኛ ስለመሆኑ ከፍርድ ቤቱ ማረጋገጫ ደብዳቤ ካልመጣለት አይከፍልም። ስለዚህ ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ አንድ ሳይሆን አራት ይውጣ፦ ለባንክ፣ ለመሬት አስተዳደር፣ ለአፈጻጸም መዝገቡ፣ አንዱ ደግሞ ለቤት።